ከፍሬኑ ያልወጣ አየር

«ብርጭቆውን ከዚያ ላይ አንሺልኝ እስቲ» አለች የመሐንዲሱ እናት ከበረንዳው ሆና።

ለቅሶ የመጣችው ሴትዮ ደንገጥ ብላ የሻይ ብርጭቆዋን ከጂፑ አፍንጫ ላይ አነሳች፤ የምታስቀምጥበት ስታጣ በሁለት እጇ አቅፋው ቀረች። ጂፑ የግቢውን መሃል ይዞ፣ የፊት ጎማዎቹ ወልቀው፣ በግንድ ላይ ተሰቅሎ ቆሟል። የፕላስቲክ ወንበሮቹ ዙሪያውን ተደርድረዋል። ሰው በዝቶ ቦታ ስለጠበበ አንዱ ኮቱን መስተዋቱ ላይ ይሰቅላል፣ ሌላው ጃንጥላውን መከላከያው ላይ ያንጠለጥላል። አንድ ሽማግሌማ ጠዋት ከኋላ ወንበር ገብተው እንቅልፋቸውን ለጥጠው ነበር። እናቱ ያን ሁሉ በዝምታ ስታሳልፍ ቆይታ ብርጭቆ ላይ ስትደርስ ተናገረች።

«ቀለሙን ያበላሸዋል» አለች ቀጥላ፣ ለማንም ሳይሆን። ቀለሙ ግን ድሮ አረንጓዴ ነበር ከመባል በቀር ምንም አልቀረውም።

ልጇ አጠገቧ ተቀምጦ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጨንቆታል። የሰፈሩ ሰው «መሐንዲሱ» ይለዋል፤ ግማሹ ለአክብሮት፣ ግማሹ ለቀልድ። ከባሕር ማዶ የደረሰው ከአባቱ ቀብር በኋላ ነው። በገዛ አባቱ ቤት እንደ እንግዳ ያስተናግዱታል፤ ትራስ ያቀርቡለታል፣ ውሃው እንዳይጎዳው አፍልተው ይሰጡታል። ሲመጣ መንገዱን ሁሉ፣ እናቱን ባቀፈ ጊዜ እንባው ራሱ እንደሚወርድ ተማምኖ ነበር። አቀፋት፤ እንባው ግን አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ሰው በገባ ቁጥር ፊቱን የሚያዘጋጅ ይመስለውና በራሱ ያፍራል።

«ይሄን ልጅ እንባውን ኤርፖርት ላይ ፈትሸው ቀሙት እንዴ?» አለች አክስቱ። የአባቱ ታናሽ እህት ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ አዋላጅ ሆና የሠራች፣ ሰው ሲጮህባት የማትደነግጥ፣ እሷ ግን ድምፅዋን ሳታነሳ ሰው የምታስደነግጥ። አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ሳቃቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑት።

«ይመጣለታል፤ ተዪው» አሉ ቀያሹ።

ቀያሹ የአባቱ የሥራ ባልደረባ ነበሩ። እሳቸው የቅየሳ መሥሪያ ቤት ባለሙያ፣ አባቱ ሾፌራቸው። መንገድ በሌለበት ሄደው መንገድ የሚወጣበትን ምልክት ሲያደርጉ ኖረዋል። ጂፑም ያኔ የመሥሪያ ቤቱ ነበር፤ አርጅቶ ሲወገድ አባቱ ገዛው። ሁለቱ ባንድ ቀን ጡረታ ወጡ እየተባለ በሰፈሩ ይቀለድ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሰዉ ሳሳ ሲል መሐንዲሱ ወንበር ሊያነሳ ወደ ግቢው መሃል ወረደ። አክስቱና አንዲት ጎረቤት ከጂፑ ኋላ ቆመው ያንሾካሹካሉ።

«እግሯን ብቻ ነው የለመናት» ትላለች አክስቱ። «ሌላ ነገር አልጠየቃትም። ወጥታ ብትረግጥለት ምን ትሆን ነበር? ብቻውን ወጥቶ ሲረግጥ፣ ወርዶ ሲፈታ፣ መልሶ ወጥቶ ሲረግጥ... ልብ እኮ ነው፤ ክሪክ አይደለም።»

ጎረቤቲቱ ከንፈሯን መጠጠች።

«ሚስት ባሏን እግር ትነፍጋለች?» አለች።

መሐንዲሱ ወንበሩን ሳያነሳ ተመለሰ። ቀያሹን አጥሩ ጥግ ወስዶ፣ «ምንድን ነው የሚሉት?» አላቸው።

ቀያሹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ውስጡን ተመለከቱ፤ መልሰው ደፉት።

«የዚህ መኪና ፍሬን ታምቡር ነበር» አሉ። «ታውቀዋለህ። ጎማው ውስጥ የተደፋ ድስት በለው፤ ስትረግጥ ሸራው ከውስጥ ወደ ውጭ እየገፋ ያቆመዋል። ውሃ እስኪገባበት ድረስ ጥሩ ነው። ውሃ ከገባበት ሳሙና ነው። ዲስክ ግን የተገለጠ ሳህን ነው፤ ከግራና ከቀኝ ቆንጥጦ ይይዘዋል፤ ውሃ ቢነካው ወዲያው አራግፎት ይሄዳል። አባትህ ከተጋጨ መኪና ላይ ሳህኖቹንና መቆንጠጫዎቹን አስፈትቶ አመጣ። ማሰሪያውን በራሱ ልክ አስበየደ። የፊቶቹ ሁለቱም ገጠሙ። የቀረው ከዘይቱ ውስጥ አየሩን ማስወጣት ነበር።»

«ለሱ ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል።»

«አዎ። አንዱ ላይ ሆኖ ይረግጣል፣ አንዱ ታች ሆኖ መተንፈሻዋን ይከፍታል፤ ዘይቱ አየሩን ይዞ ይወጣል። መጀመሪያ እኔ ረገጥኩለት። እስኪመሽ ረገጥኩለት። ፍሬኑ ግን እንደ ስፖንጅ ነው፤ እስከ ታች ይሰምጣል። በመጨረሻ ተናደደና 'አንተ ዕድሜህን ሙሉ ካርታ ላይ ስትሄድ ስለኖርክ እግርህ ከመሬት ጋር አይተዋወቅም፤ ውረድልኝ' አለኝ።» ቀያሹ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን መሃል መንገድ ላይ ቀረ። «ከዚያ ዳቦ ጋጋሪውን አስረገጠው፤ አባረረው። ጸጉር አስተካካዩን አስረገጠው፤ እሱንም አባረረው። የሚረግጥልኝ ሰው ጠፋ እያለ ሰንብቶ፣ የመጨረሻ ቀን እናትህን ጠራት።»

«እሷም አልወጣም አለች።»

«እዚያ መኪና ላይ እንደማትወጣ የማያውቅ አለ?»

ማንም የማያውቅ የለም። እሱም ያውቃል፤ አያስታውሰውም እንጂ እዚያው ነበር፣ እናቱ ጭን ላይ።

ጡት የሚጠባ ሕፃን ሳለ ነው። አባቱ እናቱንና እሱን ጭኖ ወደ እናቷ ቤት ይጓዛል። ወንዝ ተሻገሩ። ውሃው ከጎማው አጋማሽ በላይ ነበር። ከወንዝ የወጣ ታምቡር ፍሬን እየተረገጠ ጥቂት ተሂዶ እንዲደርቅ ይደረጋል፤ አባቱ ግን በጨዋታ ላይ ነበርና ረሳው። ወዲያው ቁልቁለቱ መጣ። ሲረግጥ ምንም የለም። ደግሞ ረገጠ፤ ምንም። ከገደሉ በፊት የአፈር ክምር አገኘና መኪናውን እሱ ላይ ሰክቶ አቆመው። ሕፃኑ አንዳች አልሆነም፤ እናቱ በክንዷና በደረቷ መሃል ቆልፋው ነበር። የእሷ የትከሻ አጥንት ግን ተሰበረ።

አባቱ ዘሎ ወረደ። በመጀመሪያ ያየው ጎማዎቹን ነው። ከዚያ ወደ እሷ መጥቶ፣ «ውሃ ገብቶበት ነው» አላት።

በዚያው ቀረ። ሌላ ቃል አልወጣውም፤ ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ። እሷም ሁለተኛ ጂፑን አልረገጠችም። ወደ ዘመድ ሲሄዱ እሷ ልጇን ይዛ በአውቶቡስ ትሳፈራለች፤ አባቱ ከአውቶቡሱ ኋላ ባዶ ጂፕ እየነዳ ይከተላል። መሐንዲሱ ከልጅነቱ ይህን አጥርቶ ያስታውሳል። በኋላ መስኮት ዞር ብሎ ሲያይ አባቱ አለ። አውቶቡሱ ሲቆም ይቆማል፤ ሲነሳ ይነሳል። ተሳፋሪው «ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?» ሲል እናቱ ወደ ፊት እያየች የማታውቀው ሰው ትመስላለች።

መሐንዲሱ ኮቱን አውልቆ ከጂፑ ግራ ጎን ተንበረከከ። ለምን እንደሆነ አልገባውም፤ በረንዳው ላይ ተመልሶ ከመቀመጥ ይሻላል ብሎ ይሆናል። ሳህኑ ንጹሕ ነበር፤ የአባቱ ጨርቅ አሁንም ጎኑ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። መቆንጠጫው ላይ በነጭ ቀለም «ግራ» ተብሎ ተጽፏል። በሌላው ወገን ያለው ላይ «ቀኝ»። የአባቱ ጽሑፍ ነው፤ ፊደሎቹ ተራ ይዘው የቆሙ ተማሪዎች ይመስላሉ።

አባቱ የፈታውን ሁሉ ይጽፍበት ነበር። የግራው ለግራ፣ የቀኙ ለቀኝ፤ የፈታኸውን በፈታህበት እሰር የሚል ሃይማኖት ነበረው። ለልጁ ጫማ ሲገዛ ሳይቀር ሶላቸው ውስጥ ግራና ቀኝ ብሎ ይጽፋል። አንድ ቀን በትምህርት ቤት ጫማው ወልቆ ልጆቹ ጽሑፉን አይተው ሲስቁበት ውለዋል። «የሳቁብህ ልጆች ጫማቸውን አጣመው አድርገው ይሆናል፤ አየህላቸው?» ነበር ያለው አባቱ ማታ።

መሐንዲሱ መተንፈሻዋን ፈለገ። ትንሽ ነገር ናት፤ የጣት ጫፍ የምታክል፣ የጎማ ቆብ ያደረገች። ከላይ ፈለጋት፤ የለችም። አንገቱን አዘንብሎ ከሥር ሲያይ አገኛት። ወደ መሬት ተደፍታለች።

ሙያው የሕንጻ ቧንቧ ነው። አየር የት እንደሚሄድ ሲያስብ ነው የሚውለው። አየር ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው፤ መውጫው ከታች ከሆነ ዕድሜ ልክ ቢረገጥ ዘይቱ ብቻ ይፈሳል እንጂ አየሩ ከላይ ተቀምጦ ይስቃል። ሄዶ ቀኙን አየ። ያኛውም ወደ ታች ነው።

እንዴት? አባቱ?

ጎማዎቹን የሚያዞረውን የመሪ ዘንግ ሲያይ ገባው። እነዚህ መቆንጠጫዎች በተፈቱበት መኪና ላይ የተቀመጡት ከሳህኑ በስተኋላ ነበር። እዚህ ግን ኋላው በዘንጉ ተይዟል፤ ስለዚህ አባቱ ወደ ፊት አዞራቸው። ሲዞሩ ላይ የነበረው ታች ሆነ። ግራውን ወደ ቀኝ፣ ቀኙን ወደ ግራ ቢያሻግር ኖሮ ሁለቱም ይቃኑ ነበር። ግን በገዛ እጁ «ግራ» ብሎ የጻፈበትን ቀኝ ላይ ማሰር ለዚያ ሰው የሚታሰብ ነገር አልነበረም። ሌላው ግድ የለሽ መካኒክ ቢሆን ያምታታውና ሳያውቅ ያስተካክለው ነበር።

ቀያሹ ከኋላው መጥተው ቆመው ኖሯል። አሳያቸው። ብዙ ማስረዳት አላስፈለገም፤ እሳቸውም ቁልቁልና ሽቅብ ሲለኩ የኖሩ ሰው ናቸው። ወገባቸውን ይዘው ጎንበስ ብለው አዩና ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«እኔ እኮ እግሬ ነው ብዬ ነበር» አሉ። «እግሬን ስታዘበው ነው የሰነበትኩት።»

«ማንም ቢረግጥ አይሠራም ነበር። እማዬም ብትሆን።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?»

«ልነግራቸው ነዋ። ምን እያሉ እንደሚያሟት አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ።» ቀያሹ ድምፃቸውን ቀነሱ። «ልጄ፣ አባትህ ሌላ ነገር አልነበረውም። ቤቱን ታየዋለህ፤ ይሄው ነው። 'እሱ ያሰረው አይፈታም' መባል ብቻ ነበር ያለው። ገና አፈሩ ሳይደርቅ በገዛ ግቢው፣ በገዛ ልጁ አፍ...» ወደ በረንዳው ዞር ብለው አዩ። «እኔ አላውቅም። እንዳሻህ። እኔን አትጠይቀኝ።»

እሱም የሚጠይቀው ሌላ ሰው አጣ። በውጭ አገር ሳለ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ሁለቱን ወገን አስቀምጦ መመዘን ያውቅበት ነበር። እዚህ ሚዛኑ ራሱ በእጁ ላይ ይንቀጠቀጣል። የሞተው አይሰማም፤ ያለችው ትሰማለች፤ ሲል ወሰነ። ወስኖም አላመነበትም።

እናቱን ወጥ ቤት አገኛት፤ ብርጭቆ ታጥባለች። ጎረቤቶቹ ተይ ቢሏት እምቢ ብላ ነው።

«እማዬ፣ ፍሬኑን አየሁት።»

«እህ።»

«አንቺ ብትረግጪለትም አይሠራም ነበር።»

ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አንስታ አየችና አስቀመጠችው። እሱ ተንደርድሮ ጀመረ። መተንፈሻዋ ከላይ መሆን እንደነበረባት፣ አየር ወደ ላይ እንደሚሄድ፣ ዘንጉ፣ ግራው፣ ቀኙ። በሁለት ብርጭቆ አድርጎ አሳያት። ሲናገር ድምፁ እየጠራ፣ እየፈጠነ ሄደ፤ ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያውቀውን ነገር ይናገር ነበር።

«አየር ገብቶበት ነው እንጂ ባንቺ አይደለም» ብሎ ጨረሰ።

እናቱ እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ብዙ አየችው።

«አባትህም ያኔ እንደዚሁ አሳምሮ ነው ያስረዳኝ» አለች።

በእጁ የያዛቸውን ሁለት ብርጭቆዎች አስቀመጠ።

«ለኔ ብሎ መሆኑ የጠፋኝ ይመስልሃል?» አለች። «ማንም ሳይነግረኝ ገብቶኛል። በዚህ ዕድሜው ወንዝ ሊሻገር ነው? ለኔ ነው። በየቀኑ ስገባ ስወጣ 'ይሄ ውሃ አይፈራም፣ ይሄ እንደዚያኛው አይደለም' ይላል፤ ለመኪናው የሚናገር መስሎ። እኔም የምሰማ አልመስልም። አንድ ቃል ነበር የምፈልገው። 'ያኔ አስደነገጥኩሽ' ቢለኝ፣ በሌሊት ልብሴም ቢሆን እወጣለት ነበር። እሱ ደግሞ ቃሉ አልወጣ ቢለው ፍሬን ይቀይራል።» ሌላ ብርጭቆ አነሳች። «ጠራኝ። 'ነይ እስቲ እግርሽን አበድሪኝ' አለኝ። ለሱ እንግዲህ ይሄ ልመና ነው። ትንሽ ይለምን ብዬ ዝም አልኩ። ሁለተኛ ሲጠራኝ 'እኔ እዚያ ላይ አልወጣም' አልኩት። ሦስተኛ ይጠራኛል ብዬ ጠበቅሁ።»

«እማዬ፣ ብትወጪም እኮ...»

«አይሠራም ነበር። ገባኝ። ሰማሁህ እኮ ልጄ። እንዲያ ከሆነማ አብሬው ተቀምጬ ሳይሠራ ይቀር ነበራ።»

ሊያቅፋት ተነሳ። እሷ ግን ብርጭቆዎቹን በትሪ ደርድራ ይዛ፣ ትሪውን በሁለታቸው መሃል አድርጋ ወጣች።

በማግስቱ ከሩቅ የመጡ የአባቱ ዘመዶች ግቢውን ሞሉት። አክስቱ መሃላቸው ተቀምጣ፣ ወንድሟ እንዴት እንዳለፈ ለሚጠይቃት ሁሉ ትናገራለች። ክፋት አልነበረም፤ የምትወደው ወንድሟ ሞቶባት ምክንያት የምታዋልድ ሴት ነበረች።

«ታዲያ የሚያግዘው ሰው ጠፍቶ ነው?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ሰውማ አልጠፋም» አለች አክስቱ፣ በረንዳውን ሳታይ፤ በረንዳው ግን እንዲሰማ አድርጋ። «ጠርቶ ያጣው ሰው አለ እንጂ።»

አንድ ሰው ሻይ ሊጠጣ አንስቶ ከአፉ ሳያደርስ ቀረ። ቀያሹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። መሐንዲሱ ተነሳ።

«አክስቴ» አለ። «የፍሬኑ ነገር እናንተ እንደምታስቡት አይደለም። አባዬ እኮ...»

«እኔ ነኝ» አለች እናቱ።

ከወንበሯ አልተነሳችም፤ ድምፅዋንም አላነሳችም።

«እኔን ነው የጠራኝ። ሁለት ጊዜ ጠራኝ፤ አልሄድኩም። እውነቷን ነው። ፍሬኑ ደህና ነው፤ ያሰረው እሱ ነው። ያጣው እግር ብቻ ነው።»

አክስቱ ይህን አልጠበቀችም። ዓይኗ ወደ መሐንዲሱ፣ ከእሱ ወደ ቀያሹ ዞረ፤ ከሁለቱም ምንም አላገኘችም። ከዚያ ሰው ሳያስበው እጥፍ ብላ ማልቀስ ጀመረች፤ እንደ ትልቅ ሴት ሳይሆን ወንድሟ ጥሏት እንደሄደ ልጅ። ሴቶቹ ከበቧት። እናቱን የከበባት የለም።

መሐንዲሱ እንደቆመ ቀረ። በእጁ የነበረው አንድ ነገር ይሄ ነበር፤ እንባም አይደለም፣ ገንዘብም አይደለም፤ እውነት ነበር። እናቱ አልቀበልም አለችው። መልካሙን ስም ለባሏ አልብሳ፣ ጥፋቱን ራሷ ለብሳ ተቀመጠች። አሁን ተነስቶ ቢናገር ውሸታም የሚያደርገው እናቱን ነው። ዝም ቢል ደግሞ ነገ ዘመዶቹ በየመንደራቸው ይዘውት የሚሄዱት ይህንኑ ነው። ቀያሹን አየ። ቀያሹ መሬት መሬት ያያሉ።

ሰዉ ለምሳ ወደ ጎረቤት ግቢ ሲዘልቅ እሱ ከአባቱ የመፍቻ ሳጥን አንዱን አንስቶ ከጂፑ ሥር ተቀመጠ። ማን ሊነዳው? ወዴት? ብቻ ግራ የተባለውን ፈትቶ ወደ ቀኝ፣ ቀኝ የተባለውን ፈትቶ ወደ ግራ ሊያሻግር ነው። እናቱ ብቻዋን ከበረንዳው ወርዳ መጣች። የአባቱን የሥራ በርጩማ ስባ ጎማው ከነበረበት ጎን ተቀመጠች። ከአደጋው ወዲህ ከጂፑ ጋር እንዲህ ተቀራርባ አታውቅም፤ ትከሻዋ በሩን ነክቶታል።

የመጀመሪያው ቡሎን እምቢ አለው። አባቱ ያሰረው ነው። ክብደቱን ሁሉ ሲጥልበት ጩኸት ብጤ አውጥቶ ለቀቀ። ሁለተኛው ቀለል አለ። ቀጥሎ የዘይቱን ቱቦ ከመቆንጠጫው ላይ ላላ አደረገው። ዘይቱ በመጋጠሚያው ዙሪያ ወፍራም ጠብታ ሠርቶ ተንጠለጠለና ወደቀ። ሌላው ተከተለ። መሬቱ ላይ ጥቁር ነጥብ አረፈ፤ ነጥቡ ሰፋ።

«ይሄ እሱ የሞላው ነው?» አለች እናቱ።

«አዎ።»

ከበርጩማው ወረደችና መሬት ላይ ተቀመጠች። መዳፏን ከጠብታው ሥር ዘረጋች። ዘይቱ መዳፏ መሃል ጠብ አለ፤ ደግሞ ጠብ አለ፤ እንደ ማር ቢጫ ነው። ሲሞላ በጣቶቿ መሃል መንሸራተት ጀመረ። ሌላኛውን እጇን አምጥታ ከሥሩ ደገፈችው።

«ቆዳ ይጎዳል እማዬ» አለ።

እሷም እጇን አላነሳችም፤ እሱም ቱቦውን መልሶ ማጥበቅ አልቻለም።